አናቱን አታስቆርጠው፤ መሰላሉንም ተወው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ከቤቴ 6 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ከጣሪያዬ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ወደ ቤቱ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ንፋስ ሲነሳ እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው ዓመት ለቧንቧ ብዬ ከግንዱ 2 ሜትር ርቀት ላይ ቦይ አስቆፍሬ ነበር። ግንዱ ላይ ደግሞ ድሮ ቅርንጫፍ የተቆረጠበት ቦታ በስብሶ ቀዳዳ ሆኗል። ሁለት ባለሙያ ጠራሁ። አንዱ ቀና ብሎ አይቶት "አናቱን በግማሽ ቀን እቆርጥልሃለሁ፣ ቁስሉንም ቀለም እቀባልሃለሁ" አለኝ። ሌላው ዛፉን ሲዞረው ቆየና "ሙሉ ቀን ያስፈልገኛል፣ ሦስት ሆነን ነው የምንመጣው፣ የምቆርጠው ግን ጥቂት ነው" አለ። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ትንሽ ቆርጦ ብዙ የሚያስከፍለኝ ለምንድን ነው? አናቱ ቢቆረጥ አይሻልም ወይ? ወይስ ራሴ መሰላል አቁሜ ልጨርሰው? ቀዳዳውንስ ሲሚንቶ ልሙላበት?»

ከመሰላሉ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ተወው። ሰው የሚፈራው መንሸራተትን ነው፤ ችግሩ ግን እሱ ብቻ አይደለም። መሰላሉን በምትቆርጠው ቅርንጫፍ ላይ አስደገፍከው እንበል። ጫፉ ተቆርጦ ሲወድቅ የቀረው ክፍል ሸክሙ ይቀልለትና ወደ ላይ ይነሳል። መሰላሉ የተደገፈበት ነገር በአንዴ የለም። ግንዱ ላይ ብታስደግፈው ደግሞ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሳይበጠስ ተንጠልጥሎ ይቀርና ተወዛውዞ ሲመጣ መሰላሉን ጠርጎት ይሄዳል። ክብደቱንም አትናቀው። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ እርጥብ እንጨት 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከታች ሆኖ ሲታይ ግን አንድ ሰው የሚሸከመው ይመስላል።

የሞተር መጋዝ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፣ ሁሌም። መሰላል ላይ ያለ ሰው ደግሞ አንድ እጁን ለመያዣ ይፈልገዋል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፍ፣ በተለይ የጫፉ የላይኛው ግማሽ፣ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ኋላ ወደ ፊትህ ይወረወራል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው የሚሮጠው። ዞር የምትልበት ጊዜ አይኖርህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አናቱን መቁረጥ ዛፉን ደህና አያደርገውም። ለጥቂት ዓመት ያሳጥረውና ከበፊቱ የባሰ አድርጎ ነው የሚመልስልህ። ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። ዛፉ ሲያጥር በዓይን ይታያል። የተከፈለበትም እንጨት ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይታያል። በደንብ የተከረከመ ዛፍ ግን ያልተነካ ነው የሚመስለው፤ ደንበኛውም «ምኑን ነው የሠራችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ዛፍ የምንከረክም ሰዎች ይህን ጥያቄ ስንሰማው የኖርን ነን።

ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። አናቱን ስትቆርጥ የቅጠሉን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ቀን ወሰድክበት ማለት ነው። እሱም በሕይወት ለመቆየት በሥሩና በግንዱ ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው የነበሩ እንቡጦችን ያስነሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከጉቶው ዙሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉ ለምለም ቀንበጦች ይወጣሉ። ባለቤቱም «አየህ፣ ታደሰ!» ይላል። አልታደሰም፤ ርቦት ነው። እነዚህ ቀንበጦች የተያያዙት ከላይኛው ስስ የእንጨት ሽፋን ጋር ብቻ ነው። መደበኛ ቅርንጫፍ ገና ከጅምሩ ከግንዱ ጋር አብሮ እያደገ፣ በየዓመቱ የግንዱ እንጨት እየተደራረበበት ነው ሥር የሚይዘው። ቀንበጦቹ ያ ታሪክ የላቸውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛፉ የነበረበት ቁመት ድረስ ይወረወራሉ፣ ይወፍራሉ፣ ይከብዳሉ። የቆሙበት ጉቶ በዚያው ጊዜ ከላይ ወደ ታች እየበሰበሰ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ድሮ አንድ ጠንካራ አናት ከነበረበት ቦታ ብዙ ከባድ ምሰሶዎች በበሰበሰ እንጨት ላይ ተሰክተው ጣሪያህ ላይ ያንዣብባሉ። አናቱን አንዴ ያስቆረጠ ሰው በየጥቂት ዓመቱ እያስቆረጠ ይኖራል ወይም መጨረሻ ላይ ዛፉን ያስወግደዋል።

ሌላም አለ። ለብዙ ዓመት በጥላ ውስጥ የኖረ ቅርፊት በአንድ ቀን ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል። ሥሩም ይጎዳል፤ የሚመግበው ቅጠል ስለሌለ ከፊሉ ይሞታል። ዛፍህን መሬት ላይ የያዘው ሥሩ መሆኑን እዚህ ላይ አትርሳ።

ይህ አስተሳሰብ ከባህር ዛፍ የመጣ ይመስለኛል። ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሰውም ዛፍ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። የፈረንጅ ጥድን አናት ቅጠል ከሌለው እንጨት ላይ ብትቆርጠው ግን ከዚያ ቦታ መልሶ አያቆጠቁጥም። ደረቅ ግንድ ነው የሚቀርልህ። የአንተ ዛፍ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፍክም። መልሴ በአብዛኛው አይለወጥም፤ ለባለሙያው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ጠይቆሃል?

«አናቱ ካጠረ ንፋስ አይጥለውም» የሚለው ነገር ከፊል እውነት አለው። ንፋስ የሚገፋው ቅጠሉን ነው፣ ግንዱ ደግሞ እንደ ረጅም መፈንቅል ይሠራል። ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ግፊት ከታች ብዙ ኃይል ይሆናል። ስለዚህ ጫፎቹን ትንሽ ማሳጠር ብዙ ይረዳል፤ ለዚህ ግን አናቱን መገንደስ አያስፈልግም። ሁለተኛው ሰውዬ ሊሠራ ያሰበው ይህን ይመስለኛል። ረጅሙን ቅርንጫፍ ከጫፉ 1 ወይም 2 ሜትር ያህል ይቀንሳል። የሚቆርጠው ግን የትም ቦታ ላይ አይደለም፤ ወደ ጎን የሚወጣ ሌላ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ የጎን ቅርንጫፍ ደግሞ ከሚቆረጠው ክፍል ውፍረት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ሊሆን ይገባል። ያኔ ምግብ የሚሠራ ቅጠል ያለበት አዲስ ጫፍ ይኖረዋል፣ ያ የቀንበጥ ጫካም አይመጣም። ከሕያው ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ መወሰድ የለበትም። ለአረጀ ወይም ለታመመ ዛፍ ከዚያም በጣም ያንሳል።

ሌላ ጥንቃቄ ልጨምር። «አየር እንዲያገኝ» እያሉ የውስጡን ትንንሽ ቅርንጫፎች ጠርገው የሚያወጡ አሉ። ለዓይን ጥሩ ይመስላል፣ ጥላውም ሳሳ ይላል። ግን ቅጠሉ ሁሉ ጫፍ ላይ ስለሚቀር ክብደቱም ንፋሱም ወደ ጫፍ ይሄዳል። በንፋስ ጊዜ የውስጥ ቅርንጫፎች በየፊናቸው እየተወዛወዙ ኃይሉን የሚያበርዱ ነበሩ። እነሱን ጠርገህ ረጅም ራቁት ክንድ ስትተው መሀሉ ላይ ይሰበራል።

ቀለሙ ለእይታ ነው። ዛፍ እንደ ሰው ቆዳ ቁስሉን አያድንም። የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ይዘጋውና በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ይህን በደንብ ያሳየው አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ነው። በአገሩ የደን አገልግሎት ውስጥ ሆኖ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ መበስበስ የት ተነስቶ የት እንደሚቆም አጠና፤ በ1977 የወጣው ማብራሪያው ዛሬም የሥራችን መነሻ ነው። እንደሱ ገለጻ ዛፉ መበስበሱን የሚገታባቸው አራት ግድግዳዎች አሉ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያግደው ደካማው ነው። ወደ መሀል እንዳይገባ የሚያግደው ትንሽ ይሻላል፣ ወደ ጎን የሚያግደው ከዚያም ይጠነክራል። አራተኛው ከጉዳቱ በኋላ በአዲሱ እንጨትና በአሮጌው መካከል የሚሠራው ሲሆን ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው። ቀለም ለእነዚህ ግድግዳዎች የሚጨምረው ነገር የለም። መበስበስን አያስቆምም፤ ከበታቹ እርጥበት ይዞ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ነፍሳት ከቁስል ወደ ቁስል የሚያዛምቱት የተለየ በሽታ ባለበት ቦታ ለቀለም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን «ቀለም እቀባልሃለሁ» የሚል ሰው ወይ ትምህርቱ አርጅቷል ወይ ደንበኛ ማስደሰት ነው የያዘው።

ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅመው መጋዙ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ዛሬ ግቢህ ውስጥ ካለ ማንኛውም ዛፍ ተጠግተህ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ እየው። ከሥሩ ዙሪያውን፣ በተለይ በታች በኩል፣ እንደ አንገትጌ ያበጠ ነገር ታያለህ። በላይ በኩል ደግሞ የግንዱና የቅርንጫፉ ቅርፊት ተገፋፍቶ የተጨማደደበት ጠቆር ያለ መስመር አለ። ያ አንገትጌ የግንዱ እንጨት ነው፤ የዛፉ መከላከያ ያለውም እዚያ ውስጥ ነው። መቁረጥ ያለብህ ከሱ ውጭ፣ ግን ተጠግቶ ነው። ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ መላጨት አንገትጌውን ይዞት ይሄዳል፣ ቁስሉም ሰፊ ይሆናል። ረጅም ጉቶ መተውም ጥፋት ነው፤ ጉቶው ይደርቅና የመበስበስ መግቢያ ይሆናል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሥራው ጥሩ መሆኑን ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። በትክክል የተቆረጠ ቦታ ዙሪያውን እኩል ያበጠ ክብ ጠርዝ ያበቅላል። ተላጭቶ የተቆረጠው ጎንና ጎኑ ብቻ ያብጥና ላይና ታቹ ክፍት ይቀራል። የአንተ ዛፍ ላይ ያለው ቀዳዳ እንደዚያ ተጀምሮ ይሆናል።

ከባድ ቅርንጫፍ ደግሞ በአንድ ምት አይቆረጥም። በመጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ እስከ አንድ ሦስተኛው ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጥና ቅርንጫፉ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረው ቀላል ጉቶ አንገትጌው ጋ በጥንቃቄ ይነሳል። የመጀመሪያው ከታች የሚደረገው ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ቅርፊት ልጦት፣ አንዳንዴ ግንዱን እስከ ታች ድረስ ገፎት ይወርዳል።

አሁን «ትንሽ ቆርጦ ብዙ የሚያስከፍለኝ ለምንድን ነው» ወዳልከው ልምጣ። የእኛ ሥራ ቀን መጋዝ ሲጮህ የሚውል ይመስላል። መጋዙ የሚሠራበት ጊዜ ተደምሮ ሲታይ ትንሽ ነው። ጠዋት ገመዱ በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳሰሳል፤ የተቆረጠ ክር፣ የደደረ ቦታ፣ መጋዝ የላሰው ነገር ካለ ያ ገመድ ከሥራ ይወጣል። ቀበቶው፣ ካራቢነሩ (ገመድና ቀበቶ የሚያያይዘው የብረት መቆለፊያ)፣ የመጋዙ ፍሬን፣ ሰንሰለቱ ይታያል። ከዚያ ዛፉ ይዞራል። መጀመሪያ ከሩቅ ነው የሚታየው፤ አናቱ ሳስቷል ወይ፣ ጫፎቹ ደርቀዋል ወይ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ የት ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሥሩ ጋ፤ እንጉዳይ አለ ወይ፣ አፈሩ ተሰንጥቋል ወይ። ግንዱ በእንጨት መዶሻ ይመታል፤ ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው ያስተጋባል። ግንዱ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ ካለ ቅርፊቱ በመሀል ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል ወይ ተብሎ ይታያል፤ እንደዚያ ያለ መንታ ሁለቱ ጎን እንጨት ለእንጨት አልተያያዘም፣ በንፋስ የሚተረተረው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የወፍ ጎጆ፣ የንብ መንጋ መኖሩ ይታያል። ሰው ያለመሳሪያ ዛፍ ሲዞር አይተህ ጊዜ የሚያባክን ከመሰለህ፣ የምትከፍለው ለዚያ ነው።

መወጣቱም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ገመድ ከብዶ በሚያወርድ ትንሽ ከረጢት ታስሮ ወደ ላይ ይወረወራል፣ በሱ ተጎትቶ ዋናው ገመድ ይሄዳል፤ ገመዱ የሚያርፍበት መንታ ሕያውና ወፍራም መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም እግሩን ከመሬት አያነሳም። ላይ ከደረሰ በኋላ በሞተር መጋዝ ሲቆርጥ በሁለት የተለያየ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው፤ አንዱን በስህተት ቢቆርጠው ሌላው ይይዘዋል። ታች ያለው ሰው ደግሞ ቅጠል ለቃሚ አይደለም። ገመድ ይይዛል፣ ሰው እንዳይገባ ይጠብቃል፣ ላይ ያለው ከተጎዳ ወጥቶ የሚያወርደው እሱ ነው። በቀበቶ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ እርዳታ እስኪመጣ ይጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ብቻውን መጥቶ ዛፍ ላይ እወጣለሁ የሚልህን ሰው ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ከጣሪያ በላይ ያለ ቅርንጫፍ ዝም ብሎ አይጣልም። በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ በግንዱ ላይ ተጠምዝዞ፣ በዝግታ ይለቀቃል። በድንገት ከተያዘ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የእንጨቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ገመዱ የታሰረበትን ግንድም ሊሰብረው ይችላል። ከዚያ የቀኑ ግማሽ መጎተት፣ መከመር፣ መጥረግ ነው። ንፋስ ከበረታ ሥራው ይሰረዛል። ደንበኛ ይናደዳል፣ ልክም ነው፣ ቀኑን አስተካክሎ ጠብቆናል። ቢሆንም አንወጣም።

ከጻፍከው ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ቀዳዳው ሳይሆን ቦዩ ነው። የዛፍ ሥር ልክ እንደ አናቱ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። አብዛኛው ሥር ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። በሙያው የሚሠራበት መነሻ ልኬት አለ፤ የግንዱን ውፍረት በደረት ከፍታ ለክተህ በ12 ታባዛዋለህ። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ 7 ሜትር ከ20 ይመጣል። በዚያ ክልል ውስጥ መቆፈር የለበትም ማለት ነው። አንተ 2 ሜትር ላይ ነው የቆፈርከው። በዚያ ወገን ያለውን ዋና ሥር ቆርጠኸው ሊሆን ይችላል። ቦዩ ከቤቱ በተቃራኒ ወገን ከሆነ ይብሳል፤ ወደ ቤትህ የዘመመውን ዛፍ ወደ ኋላ ይዘው የቆዩት ሥሮች እነዚያ ናቸው። ደግሞ ቅጠሉ ዛሬ ለምለም መሆኑ አያጽናናህ። የሥር ጉዳት አናት ላይ ለመታየት ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

መዝመሙን በሁለት ከፍለህ እየው። ከታች ዘሞ ከላይ ግን ጎብጦ ወደ ሰማይ የተቃና ግንድ ለብዙ ዓመት እንደዚያ ሆኖ የኖረ ነው፤ እንጨቱንም ለዚያ እንዲሆን አጠንክሮታል። እሱ ብዙም አያስፈራም። ግንዱ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ እንዳለ ከዘመመና በጀርባው በኩል አፈሩ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን በቅርቡ የተንቀሳቀሰ ነው። ነፋሻማ ቀን ላይ ከሩቅ ሆነህ ሥሩን ተመልከት። ግንዱ ሲወዛወዝ አፈሩ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማታውኑ በዚያ ወገን ባለው ክፍል ማንም አይተኛ፣ ባለሙያውንም በዚያው ቀን ጥራ። ሥሩ አካባቢ ጠንካራ መደርደሪያ የሚመስል እንጉዳይ ካየህም እንደዚሁ አስቸኳይ አድርገው። እንጉዳዩን ገንጥሎ መጣል ዋጋ የለውም፤ ፈንገሱ ውስጥ ነው ያለው፣ ያየኸው ፍሬው ነው።

ቀዳዳውን ሲሚንቶ አትሙላ። ድሮ የሚደረግ ነገር ነበር፣ ቀርቷል። ዛፍ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶ አይወዛወዝም፤ ስለዚህ የውስጡን ግድግዳ ይፈጨዋል፣ እርጥበትም ይዞ ያቆያል። ወደፊት ዛፉን የሚቆርጠው ሰውም መጋዙ ሲሚንቶ ላይ ያርፋል። የበሰበሰውን ቆፍሮ ማውጣት፣ ውኃው እንዲፈስ ከታች መብሳት፣ ይህም አይሆንም። ዛፉ የሠራውን ግድግዳ ነው የምትበሳበት። ደግሞ ባዶ ግንድ ሁሉ ሊወድቅ የቀረበ ግንድ አይደለም። ከመሀል ያለው እንጨት ከመጀመሪያውም ሕይወት የለውም፤ ውኃውና ምግቡ የሚመላለሰው በውጭኛው ክፍል ነው። በስሌት ከሄድን፣ ከራዲየሱ (ከመሀል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት) 70 በመቶው ባዶ የሆነ ክብ ግንድ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ 76 በመቶ ገደማ ይቀርለታል። በሙያችን ደህናው ግድግዳ ቢያንስ የራዲየሱን አንድ ሦስተኛ ይሁን የሚል መነሻ አለ። ግን ስሌቱ የሚሠራው ዙሪያው ያልተከፈተ ሲሆን ነው። በአንድ ጎን ሰፊ ቀዳዳ ወይም ቁመቱን የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ያን በዓይንና በመዶሻ፣ ካስፈለገም በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሁለተኛውን ሰው ያዝ። ግን ቅርንጫፍ ከመንካቱ በፊት ቦዩ ያለበትን ወገን አሳየው፣ ትንሽ አፈር አንስቶ ምን ያህል ሥር እንደተቆረጠ ይይ። ሥሩ ደህና ከሆነ ደረቁን ያንሳ፣ ወደ ጣሪያህ የተዘረጉትን ጫፎች ያሳጥር፣ ሌላውን ይተው። ግንዱ ለሁለት የተከፈለበት መንታ ካለና ደካማ ከሆነ ሁለቱን ጎኖች ከላይ በኬብል ማያያዝ ይቻላል፤ ያ ግን በየጊዜው መታየት ያለበት ነገር ነው፣ አስረው የሚረሱት አይደለም። ዋናዎቹ ሥሮች ከተቆረጡ፣ ዛፉም ወደ ቤት የሚጫን ከሆነ፣ ይወገድ። ይህን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ግን አናቱን ገንድሶ ማቆየት ለዚያ ችግር መፍትሔ አይሆንም፣ ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ አጥሮም ይወድቃል። ማስወገዱ ራሱ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ ይሠራል። ወደ ቤት የዘመመ ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ በግምት አይጣልም። የዘመመ ግንድ ሳይታሰብ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ይመለሳል፤ በዚህ ሰው ሞቷል። አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሊሰጥህ አይችልም፦ «በፍጹም አይወድቅም» የሚል ዋስትና። የሚሰጥህ ካለ ተጠራጠረው።

ባለሙያው ለመከርከም መጥቶ ጫማው ላይ ሹል ብረት ካሰረ አስቁመው። በእያንዳንዱ እርምጃ ሕያው ቅርፊቱን ይወጋዋል፤ ያ መሣሪያ ለሚወገድ ዛፍ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርንጫፎቹ መካከል ወይም አጠገብ ካለፈ ደግሞ አንተም እሱም እጃችሁን አንሱ። መጀመሪያ ለመብራት አገልግሎቱ ተነግሮ መስመሩ ይቋረጥ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የረጠበ ገመድም እንደዚሁ፤ በከፍተኛ መስመር ላይ ደግሞ ሳትነካውም በቅርበት ብቻ ሊዘልብህ ይችላል።

ዛፉ ከተረፈ፣ የተፈጨውን ቅርንጫፍ አታስወስደው። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገህ ሥሩ ባለበት መሬት ላይ አልብሰው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። በደረቅ ወራት ውኃ ከግንዱ ራቅ አድርገህ በዝግታ አጠጣ። ማዳበሪያ ለአሁኑ ይቅር፤ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ መጀመሪያ ሥሩን ነው መመለስ ያለበት፣ አንተ ደግሞ ቅጠል እንዲያበዛ ትገፋዋለህ። ከቦዩ ወገን ፎቶ አንሳ፣ ያንኑ ቦታ ከክረምት በኋላ ድገመው። ፎቶዎቹን ለባለሙያው ላክለት፤ በቀጣዩ ዓመት ሲመጣ ከወሬ ይልቅ ያ ይጠቅመዋል።